በኮምፒዩተር የተቀረጸ ምስል ለምን እንደሚከብድና እንዴት እንደሚቀልል

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ምሳሌ ለጥንት የቆሎ ተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ምስል ለሚቀርጸው ተማሪም ይሠራል። ምክንያቱም ምስሉን አሳምሮ መቅረጽን የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ፤ የቀረጹት ምስል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ለምን ያን ያህል እንደሚይዝ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለዚሁ ጉዳይ የማውቀውን ያህል ለክፍል ጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለማስረዳት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ከወላጆቻችን መካከል «በኮምፒዩተር መቅረጽ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው የሚጠይቁ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የድንጋይ ቀራጺ መሮና መዶሻ ይዞ ድንጋዩን ይጠርባል፤ ሸክላ ሠሪም ጭቃውን በእጇ እያድቦለቦለች ታበጃለች። በኮምፒዩተር ሲቀረጽ ግን ጭቃም መሮም የለም። በስክሪኑ ላይ እንደ ጭቃ ድቡልቡል ያለ ነገር ይታያል፤ ቀራጺውም በማውስ ወይም ብዕር በሚመስል መሣሪያ እየነካ ያሳብጠዋል፤ ያጎደጉደዋል፤ ያለሰልሰዋል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የታየው ዚብረሽ አንዱ ነው። ሌላው ብሌንደር ሲሆን፤ ከ2002 ጀምሮ ለማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ስለ ሆነ ለእኛ ለተማሪዎች የተስማማ ነው። በዚህ ዓይነት የተቀረጸ ምስል ለፊልም፤ ለጨዋታና ለትምህርት መርጃ ይውላል። ስሪ ዲ ፕሪንተር በሚባለው ማተሚያም ታትሞ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የክበባችን አባሎች በዚህ ዓመት የዋልያን ራስ በብሌንደር ቀርጸዋል። ዋልያ ከዓለም ሁሉ በአገራችን በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚኖር እንስሳ ስለ ሆነ፤ ታናናሾቻችን ቀንዱን በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲማሩበት የሥነ ሕይወት መምህራችን ምስሉ እንዲታተም ፈልገው ነበር። ሥራውም እጅግ ያማረ ሆነ። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ፤ በላዩ ያለው ጉብጉብታ አንድ በአንድ ይቈጠር ነበር፤ የጺሙም ጠጕር ሳይቀር ተለይቶ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ ፋይሉ 205 ሜጋባይት ያህል ሆነ። ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻቸው 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነው ኮምፒዩተሮች ፋይሉን ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይወስዱ ነበር፤ ከከፈቱትም በኋላ ምስሉን ለማዞር ሲሞከር ቀጥ ይሉ ነበር። በስልካቸው ሊያዩት የፈለጉ ጓደኞቻችንም ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ የገዙት ዳታ አለቀባቸው። እንግዲህ ሰው ሊከፍተው የማይችል ምስል ከሠሪው በቀር ማንን ይጠቅማል? በሣጥን ተቈልፎ ቍልፉ እንደ ጠፋ መጽሐፍ መሆኑ አይደለምን?

አሁን ክብደቱ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። ኮምፒዩተር ምስሉን የሚያውቀው እንደ ጭቃ ወይም እንደ ድንጋይ ውስጡ የተሞላ ነገር አድርጎ አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ በመረብ እንደ ተሸፈነ ነገር አድርጎ ነው እንጂ። መረቡ የተሠራው ከነጥቦች ነው። ነጥቦቹም በመስመር ተያይዘው ትናንሽ አራት ማዕዘኖችን ወይም ሦስት ማዕዘኖችን ያበጃሉ። እነዚህን ትናንሽ ገጾች ባለሙያዎች ፖሊጎን ይሏቸዋል። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በሦስት ቍጥሮች ይመዘግባል፤ ይኸውም ነጥቡ ወደ ጎን፤ ወደ ላይና ወደ ፊት ምን ያህል እንደ ራቀ ነው። ስለዚህ የፋይሉ ክብደት የሚመጣው ከምስሉ ግዝፈት አይደለም። አንድ ተራራ በ1,000 ፖሊጎን፤ አንዲት ጉንዳን ደግሞ በ1,000,000 ፖሊጎን ቢቀረጹ፤ ጉንዳኗ ከተራራው 1,000 ጊዜ ያህል ትከብዳለች።

ቀራጺው በቀንዱ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር ለማውጣት ሲፈልግ የመረቡ ዓይን መጥበብ አለበት። ለዚህም መረቡን የሚከፋፍል ትእዛዝ ይሰጣል። ብዙ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት ኤድዊን ካትመልና ጂም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት የመከፋፈያ ዘዴ እያንዳንዱን አራት ማዕዘን በ4 ይከፍለዋል። የእኛ ዋልያ ሲጀመር 2,000 አራት ማዕዘን ነበረው። በመጀመሪያው ክፍፍል 8,000፤ በሁለተኛው 32,000፤ በሦስተኛው 128,000፤ በአራተኛው 512,000፤ በአምስተኛው 2,048,000 ሆነ። ትእዛዙ የተሰጠው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ የፖሊጎኑ ብዛት ግን 1,024 ጊዜ ተባዝቷል። በሒሳብ ክፍል ስለ ብዜት ስንማር «ይህ ምን ይጠቅመናል?» ለምንል ተማሪዎች መልሱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የአጻጻፉን ነገር እንይ። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ለስሪ ዲ ፕሪንተር የሚላክ ምስል ብዙ ጊዜ ኤስ ቲ ኤል በሚባል የፋይል ዓይነት ይጻፋል። በዚህ ፋይል ውስጥ ሁሉም ገጽ ሦስት ማዕዘን መሆን ስላለበት፤ 2,048,000 አራት ማዕዘኖች 4,096,000 ሦስት ማዕዘኖች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱም ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ይመደባል፤ 36ቱ ባይት ለሦስቱ ነጥቦች፤ 12ቱ ገጹ ወደ የት እንደሚመለከት ለመግለጽ፤ የቀሩት 2ቱ ለልዩ ልዩ ምልክት ነው። 4,096,000 በ50 ሲባዛ 204,800,000 ባይት ይሆናል። 205 ሜጋባይት ያልኩት ከዚህ የመጣ ነው። ይህም በእኛ ፊደል 68 ሚሊዮን ያህል ሆሄያት ከሚጻፉበት ቦታ ጋር እኩል ነው!

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ብክነት ሳያይ አይቀርም። በመረቡ ላይ አንድ ነጥብ ለ6 ያህል ሦስት ማዕዘኖች የጋራ ጫፍ ነው። ኤስ ቲ ኤል ግን ሦስት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ስለሚጽፍ ያንኑ ነጥብ 6 ጊዜ ይደጋግመዋል። ሌሎች የፋይል ዓይነቶች እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈው ተራ ቍጥር ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ «ይህ ሦስት ማዕዘን ከ1ኛው፤ ከ2ኛውና ከ7ኛው ነጥብ የተሠራ ነው» ብለው በቍጥሩ ይጠሩታል። በዚህ ዘዴ ለአንድ ሦስት ማዕዘን በአማካይ 18 ባይት ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ አንድም ፖሊጎን ሳይነካ 205ቱ ሜጋባይት ወደ 74 ይወርዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት የፋይሉን ዓይነት በጥንቃቄ መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ማጽዳት ነው። መንገደኛ ጓዙን በአህያ ከመጫኑ በፊት የማያስፈልገውን ያወርዳል። እንደዚሁም የተሠራበት ፋይል ሳይታወቅ ብዙ ኮተት ይሸከማል። ለሙከራ የተሠራ ሁለተኛ ዓይን፤ እንዳይታይ ብቻ የተደረገ ቅጂ፤ የማይፈለግ ፎቶግራፍ፤ እነዚህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ባይታዩም በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚብረሽ ደግሞ ቀራጺው የሠራውን ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያይበት ታሪክ ከፋይሉ ጋር አብሮ ሊቀመጥ ስለሚችል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ታሪኩን መሰረዝ ፋይሉን በእጅጉ ያቀልለዋል። ብሌንደር የማይፈለገውን የሚጠርግ ትእዛዝ አለው፤ ፋይሉ በሚቀመጥበትም ጊዜ ታምቆ እንዲጻፍ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ከዚህም በላይ ፋይሉ አጠገብ የቀድሞውን ቅጂ በራሱ ያስቀምጣልና፤ ሙሉ ማኅደሩን ለጓደኛው የሚሰጥ ሰው አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ እንዳይልክ ያስተውል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች ፋይሉን ዚፕ አድርገው ካመቁት በኋላ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ማመቅ ለመላክና ለማስቀመጥ መልካም ነው፤ ዳታም ይቈጥባል። ነገር ግን ከፖሊጎኖቹ አንዱንም አይቀንስም። የታጠፈ ጋቢ በሣጥን ውስጥ ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ሲዘረጋ ግን ያው ሙሉው ጋቢ ነው። እንደዚሁም ታምቆ የነበረው ፋይል ሲከፈት በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ላይ የሚይዘው ቦታ እንደ ቀድሞው ነው። ስለዚህ አነስተኛ ኮምፒዩተር ያለው ጓደኛችን ምስሉን እንዲከፍተው ከፈለግን የመረቡን ፖሊጎን ራሱን መቀነስ ግድ ይሆናል።

ፖሊጎን የሚቀነስበት ቀላሉ መንገድ ከላይኛው ደረጃ መውረድ ነው። አምስተኛው ክፍፍል አዲስ ነገር ካልተቀረጸበት፤ ያን ደረጃ ሰርዞ በአራተኛው መቅረት ብዛቱን በአንድ ጊዜ ወደ ሩብ ያወርደዋል። ነገር ግን ይህ ለጉንጩም ለቀንዱም እኩል የሚፈርድ ዘዴ ነው። ሸማኔን እናስብ። ሸማኔ ነጠላውን ሲሠራ በመካከል ያለውን ነጭ ቦታ እንዲሁ በሜዳው ይተወዋል፤ ባለ ቀለሙን ክር ግን ጥበቡ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ይሰበስበዋል። ለምስልም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ልሙጥ በሆነው ግንባር ላይ ጥቂት ፖሊጎን፤ ጉብጉብታ በበዛበት ቀንድ ላይ ብዙ ፖሊጎን።

ይህን የሚሠራው ዘዴ ዴሲሜሽን ይባላል። ብሌንደርም ዚብረሽም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ አላቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ መስመር የተያያዙ ሁለት ነጥቦች ተዋሕደው አንድ ነጥብ ይሆናሉ፤ በዚያን ጊዜ በመስመሩ ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይጠፋሉ። የትኛው መስመር ይቅደም የሚለውን ለመወሰን፤ ማይክል ጋርላንድና ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የታወቀ መለኪያ አሳትመዋል። አዲሱ ነጥብ በአካባቢው ከነበሩት ገጾች ምን ያህል እንደ ራቀ ይለካና፤ ርቀቶቹ በራሳቸው ተባዝተው ይደመራሉ። ድምሩ ትንሽ ከሆነ ቅርጹ አልተበላሸም ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ድምሩ ከሁሉ ያነሰውን መስመር እያስቀደመ ያዋሕዳል። በልሙጡ ግንባር ላይ ድምሩ ወደ ዜሮ ይጠጋልና ቅነሳው ከዚያ ይጀምራል፤ የቀንዱ ጉብጉብታ ግን ተራው ሳይደርሰው ይቈያል።

እስከ ምን ድረስ እንቀንስ? ይህ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። የምንታተመው ዋልያ ራስ የገጹ ስፋት በጠቅላላው 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር፤ ማለትም 30,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ለ4,096,000 ሦስት ማዕዘኖች ቢካፈል የእያንዳንዱ ጎን 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በብዙ ፕሪንተሮች ላይ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን 0.4 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። እንግዲህ ከቀዳዳው ሦስት ጊዜ የሚያንስ ዝርዝር ብንልክለት ፕሪንተሩ በምን ይሠራዋል? በመጥረቢያ መርፌ ለመሥራት እንደ መሞከር ነው። ሦስት ማዕዘኖቹን ወደ አንድ አሥረኛ፤ ማለትም ወደ 409,600 ብናወርዳቸው የእያንዳንዱ ጎን 0.41 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከቀዳዳው ስፋት ጋር የሚስማማ ነው። ፋይሉም ከ205 ሜጋባይት ወደ 20 ሜጋባይት ተኩል ያህል ይወርዳል።

በስክሪን ብቻ ለሚታይ ምስል ደግሞ ከዚህም የበለጠ መቀነስ ይቻላል። ኖርማል ማፕ የሚባል ሥዕል አለ። በዚህ ሥዕል ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀለም ብርሃን በዚያ ቦታ ላይ ሲያርፍ ገጹ ወደ የት እንደ ዞረ ይናገራል። የከባዱ ምስል ዝርዝር በሥዕሉ ላይ ይገለበጥና በቀላሉ ምስል ላይ ይለበጣል፤ ያን ጊዜ 20,000 ሦስት ማዕዘን ያለው ዋልያ ሚሊዮኖች ያሉት መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፤ ይህ የብርሃን ጨዋታ እንጂ እውነተኛ ጉብጉብታ ስላልሆነ ለፕሪንተር አይጠቅምም፤ የምስሉም ዳር ሲታይ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፤ ሥዕሉም ራሱ ክብደት አለው። በያንዳንዱ ጎን 2,048 ነጥብ ያለው ሥዕል ሳይታመቅ 12.6 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፤ ጎኑ ወደ 4,096 ቢያድግ ክብደቱ 4 እጥፍ ሆኖ 50 ሜጋባይት ይደርሳል። በአንድ በር ያስወጣነውን ሸክም በሌላው በር እንዳናስገባው መጠንቀቅ ይገባል።

ይህ ችግር የተማሪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በማርክ ለቮይ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ኢጣልያ ሄደው፤ ማይክል አንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 የቀረጸውን የዳዊትን ሐውልት በሌዘር ብርሃን ለክተው ወደ ኮምፒዩተር አስገብተውታል። ሐውልቱ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ሲሆን፤ የመሮው ምልክት ሳይቀር እንዲታይ ስለ ፈለጉ 2 ቢሊዮን ያህል ፖሊጎን ወጣው። ይህን በ50 ባይት ብናባዛው 100 ጊጋባይት ይሆናል። በዚያን ዘመን የነበሩ ኮምፒዩተሮች እንዲህ ያለውን ሊያሳዩ አልቻሉም። ስለዚህ ሺሞን ሩሲንኪዊችና ማርክ ለቮይ በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ምስሉን አስቀድሞ በሻካራው፤ ቀስ በቀስም በዝርዝሩ የሚያሳይ አዲስ ዘዴ አሳተሙ። ታላላቆቹ ሊቃውንትም እንኳ ሥራቸው እንዲታይላቸው የማቅለልን ጥበብ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል ማለት ነው።

የእኛን ዋልያ ለማቅለል ስንነሣ የጺሙን ጠጕር የቀረጸው ጓደኛችን ተቃወመ። «ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን በአንድ ቍልፍ ልታጠፉት ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ልፋት እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። በክበቡ ውስጥ ብዙ ከተከራከርን በኋላ በሁለት ነገር ተስማማን። የመጀመሪያው፤ ዋናው ምስል ምንም ሳይነካ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ እንዲቀመጥና የሚቀነሰው በሌላ ስም የተቀመጠው ቅጂ ብቻ እንዲሆን ነው። ዴሲሜሽን የተደረገበት መረብ ተመልሶ ለመቅረጽ አይመችምና ይህ ውሳኔ ለጓደኛችን ስሜት ብቻ ሳይሆን ለሥራውም የሚበጅ ነበር። ሁለተኛው፤ ብሌንደር ሠሪው ምልክት ያደረገበትን ቦታ ከቅነሳው ሊጠብቅለት ስለሚችል፤ ጓደኛችን ራሱ ጺሙንና የዓይኑን ዙሪያ ለየ፤ ቅነሳውም በግንባሩ፤ በአንገቱና በማይታየው የታችኛው ክፍል ላይ እንዲበረታ ሆነ። የታተመውን ዋልያ ታናናሾቻችን ሲዳስሱት ከሁሉ አስቀድመው የነኩት ጺሙን ነበር።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። አስቀድሞ ዋናውን ማስቀመጥ፤ ቀጥሎ ኮተቱን ማጽዳት፤ ከዚያም የማያስፈልገውን ደረጃ መሰረዝ፤ አራተኛ በሒሳብ ለክቶ ፖሊጎኑን መቀነስ፤ አምስተኛ ለጉዳዩ የሚስማማውን የፋይል ዓይነት መምረጥ፤ በመጨረሻም አምቆ መላክ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ የሚቸኩል ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ይደርስበታል።

በመጨረሻም ለወላጆቻችን የምለው አለኝ። ልጃችሁ ምስል ሲቀርጽ ብታዩት ጊዜውን በጨዋታ የሚያባክን አይምሰላችሁ፤ ሒሳብን፤ ሥነ ሕይወትንና የእጅ ጥበብን ባንድነት እየተማረ ነውና። ለክፍል ጓደኞቼም የምለው ይህ ነው። ትልቅ ኮምፒዩተር እስክናገኝ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ባለን መሣሪያ ልክ መሥራትን የሚያውቅ ሰው ሥራው ከራሱ አልፎ ለባልንጀራው ይደርሳል፤ የጥበብም ዋጋዋ ለሌላው ስትደርስ ነው።